የጓንት ሰፊው ልጅ፦ ከሾርዲች እስከ ስትራትፎርድ

ረቡዕ፦ ቢሾፕስጌትና ሾርዲች

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ስለ ዊልያም ሼክስፒር የሚጻፈው ሁሉ ስለ ፍቅርና ስለ ነፍስ ሲያወራ የእኔ ዓይን የሚሄደው ወደ ደረሰኙ ነው። ሰውየው ደግሞ ደረሰኝ አያሳጣም። ያለ ክርክር የእሱ ነው የሚባል የእጅ ጽሑፍ ስድስት ፊርማ ብቻ ነው፤ ስሙ ግን በግብር መዝገብ፣ በቤት ሽያጭ ውል፣ በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ላይ ሞልቷል። እህቴን ልጠይቅ ለንደን በመጣሁበት አጋጣሚ ይህን ዱካ ልከተል ብዬ ተነሣሁ። አብራኝ የምትዞረው የእህቴ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ለትምህርት ቤት ፈተናዋ ማክቤዝን እያጠናች ስለሆነ ሼክስፒር ለእሷ የሚያስጨንቅ የትምህርት ዓይነት እንጂ ሰው አይደለም። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

ጉዞውን ከዕዳ ጀመርነው። ቢሾፕስጌት ውስጥ፣ በመስታወት ሕንፃዎች መካከል ተቀርቅሮ፣ የ1666ቱም የለንደን ታላቅ ቃጠሎ የጀርመንም ቦምብ ያላወደሙት የቅድስት ሔለን ቤተ ክርስቲያን አለ። ሼክስፒር በ1590ዎቹ የዚህ ደብር ነዋሪ ነበር። ይህን የምናውቀው ግብር ስላልከፈለ ነው። በ1597 ሰብሳቢዎቹ 5 ሽልንግ እንዳልከፈለ መዘገቡ፤ በዓመቱ 13 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ተጣለበት፣ ያም አልተገኘም። (በዚያ ዘመን 1 ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ 1 ሽልንግ 12 ፔኒ ነበር።) በዚህ መሐል ሰውየው ወንዙን ተሻግሮ ሌላ ሰፈር ገብቷል።

«ሸሽቶ ነው፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ግብር ከፋይ ሳይ ያረጀሁ ሰው ነኝና መልሱን ለራሴ ያዝኩት።

ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሾርዲች። ዛሬ የቡና ቤትና የግድግዳ ሥዕል ሰፈር ነው። በ1576 ግን ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ የለንደን ከንቲባ ትእዛዝ የማይደርስበት ቦታ ነበር። አናጢነቱን ትቶ ተዋናይ የሆነው ጄምስ በርቤጅ ቲያትር ቤቱን እዚህ መሥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማው ሹማምንት ተውኔት ሲባል ደማቸው ይፈላል፤ ሠራተኛ ያስፈታል፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ያስቀራል፣ ቸነፈር ያዛምታል ይላሉ። በ1572 የወጣው ሕግ ደግሞ ጌታ የሌለውን ተዋናይ ከወሮበላ ቆጥሮ ይገረፍ፣ የቀኝ ጆሮውም በጋለ ብረት ይበሳ ይላል። ስለዚህ ተዋንያን በቡድን ሆነው የመኳንንት ደጅ ይጠናሉ፣ በጌታቸው ስም ይጠራሉ። ሼክስፒር ከ1594 ጀምሮ አብሯቸው የሠራው ቡድን መጠሪያ «የእልፍኝ አስከልካዩ ሰዎች» ነበር። የጎንደር አዝማሪ ቢሆን ነገሩ ሳያስረዱት ይገባዋል።

የበርቤጅ ቲያትር መሠረት በ2008 ኒው ኢን ብሮድዌይ በተባለች ጠባብ መንገድ ዳር ተቆፍሮ ተገኝቷል። ጥቂት ዝቅ ብሎ በ1577 የተከፈተው የከርተን ቲያትር ቅሪት አለ፤ ክብ ነው ሲባል ኖሮ ሲቆፈር አራት ማዕዘን ሆነ። ሁለቱም ቦታ ላይ ዛሬ ሕንፃ ቆሟል፤ ብዙ የሚታይ ነገር የለም፣ እኛም ብዙ አልቆየንም።

የቆየነው በቅዱስ ሊዮናርድ ደብር ነው። የበርቤጅ ቤተሰብ እዚህ ተቀብሯል። ገብርኤል ስፔንሰር የተባለ ተዋናይም እንዲሁ፤ በ1598 በሰይፍ ወግቶ የገደለው ሌላው ታላቅ ጸሐፌ ተውኔት ቤን ጆንሰን ነው። ጆንሰን ጥፋቱን አምኖ ስቅላት ሲጠብቀው አንድ አሮጌ የሕግ ቀዳዳ አዳነው፤ በላቲን ማንበብ የሚችል እንደ ካህን ይቆጠራል፣ ካህን ደግሞ አይሰቀልም። አብዛኛውን ጊዜ ተከሳሹን የሚያስነብቡት የንስሐውን መዝሙር ነበር፤ በእኛ ዳዊት 50ኛው፣ «ተሣሃለኒ እግዚኦ» የሚለው። ጆንሰን አነበበ፣ አውራ ጣቱ በብረት ተተኮሰ፣ ንብረቱ ተወረሰ፣ ነፍሱ ተረፈች። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

ሐሙስ፦ ሳውዝዋርክ

ግሎብ የተባለው የሼክስፒር ቡድን ቲያትር ቤት የተሠራው በተሰረቀ እንጨት ነው፤ ቢያንስ የመሬቱ ባለቤት ጃይልስ አለን እንዲህ ነበር የሚለው። የሾርዲቹ መሬት ኪራይ አልቆ አለን ሕንፃውን ላስቀር ሲል፣ የበርቤጅ ልጆች እሱ ለገና ወደ ገጠር ቤቱ የሄደበትን ጊዜ ጠብቀው በ1598 ታኅሣሥ መጨረሻ ፒተር ስትሪት ከተባለ አናጢና ከሠራተኞች ጋር ደረሱ። ቲያትር ቤቱን ወጋግራ በወጋግራ ነቅለው ወሰዱት፤ እንጨቱም ቴምዝን ተሻግሮ በ1599 ግሎብ ሆኖ ቆመ። አለን ከሰሰ። የክሱን ዝርዝር ወድጄዋለሁ፤ ስለተረገጠው ሣር 40 ሽልንግ ጠይቆበታል።

ሼክስፒርን ሀብታም ያደረገው ይህ ሕንፃ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ጸሐፊ ለአንድ ተውኔት የሚከፈለው 6 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ከሸጠው በኋላ መብት የሚባል ነገር የለውም። የሮዝ ቲያትር ባለቤት ፊሊፕ ሄንስሎው የከፈለውን እየመዘገበ ስላቆየ ዋጋውን እናውቃለን። ጎበዝ ጸሐፊዎች በዚህ ዋጋ እየጻፉ በዕዳ እስር ቤት ይገቡ ነበር። ሼክስፒር ግን ከባለ ብዕርነት ወደ ባለ ድርሻነት ተሻገረ። ግሎብ ሲሠራ ግማሹ የበርቤጅ ወንድማማቾች፣ የቀረው ግማሽ የአምስት ተዋንያን ሆነ፤ ከአምስቱ አንዱ እሱ ነው። አሥር በመቶ ማለት ነው። ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይተውናል፣ በር ላይ ከሚሰበሰበው ፔኒም ይካፈላል። ስለ ሊቅነቱ ሌላው ይከራከር፤ ይህን ሽርክና መግባቱ ግን ከጻፋቸው መስመሮች ሁሉ ያላነሰ ብልህነት ይመስለኛል።

የሮዝን ቅሪት ከውጭ ብቻ አየነው። በ1989 ለቢሮ ሕንፃ ሲቆፈር ተገኝቶ፣ ተዋንያንና የከተማው ሰው ሰልፍ ወጥተውለት፣ ዛሬ ከሕንፃው ሥር በአሸዋና በውኃ ተሸፍኖ ይኖራል። የመጀመሪያው ግሎብ የነበረበትም ፓርክ ስትሪት ላይ የመኖሪያ ቤቶች ጓሮ ነው። አጠገቡ ያለው ጎዳና ዛሬም «የድብ አትክልት» ይባላል፤ ድብን በሰንሰለት አስረው ውሾች እየለቀቁበት የሚያዩበት ቦታ ነበርና። የድብ ትግል፣ ሴተኛ አዳሪ ቤት፣ መጠጥ ቤትና ሐምሌት፣ ሁሉም በአንድ ሰፈር፣ ሁሉም ለአንድ ዓይነት ደንበኛ።

አዲሱ ግሎብ በአሜሪካዊው ተዋናይ ሳም ዋናሜከር የዓመታት ውትወታ ተሠርቶ በ1997 ተከፈተ፤ እሱ መከፈቱን ሳያይ በ1993 ሞቷል። እኛ ስንሄድ የቁም ቲኬት ከ5 ፓውንድ ይጀምር ነበር። የጥንቱ ዋጋ አንድ ፔኒ ነበር፤ የእጅ ሙያተኛ በቀን 12 ፔኒ ያህል በሚያገኝበት ጊዜ። የምናየው ማክቤዝ ስለነበር የእህቴ ልጅ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች።

ጣሪያው ሣር ነው፤ ከ1666 ወዲህ በለንደን የሣር ክዳን የተፈቀደለት የመጀመሪያው ሕንፃ። ሣሩ መሐል ትንንሽ የውኃ መርጫ ቱቦዎች ብቅ ብቅ ብለዋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በ1613 ስለ ሄንሪ ስምንተኛ የተጻፈውን ተውኔት ሲያሳዩ የተተኮሰ መድፍ ሣሩን አቀጣጥሎ ግሎብን አመድ አደረገው። ሰው አልሞተም፤ አንድ ሰውዬ ሱሪው ተያይዞበት በጠርሙስ መጠጥ እንዳጠፉለት በጊዜው የተጻፈ ደብዳቤ ይናገራል።

እኛ የቆምነው መድረኩ ሥር ነበር፤ ክንዴን የመድረኩ ጠርዝ ላይ ላስደግፍ እችላለሁ። ጥላ መዘርጋት ክልክል፣ መሬት ላይ መቀመጥም ክልክል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ዝናብ ጣለ። ማክቤዝ እጁን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ከእጅጌው የሚንጠባጠበው ውኃ በእኔ ጫማ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለ ዘመኑ በመጽሐፍ ያነበብኩት ሁሉ እዚያ ላይ አንድ ቦታ ተሰበሰበ። በ1603 ኤልሳቤጥ ሞታ የስኮትላንዱ ጄምስ ዙፋኑን ያዘ፤ የሼክስፒርን ቡድን የንጉሡ ሰዎች ብሎ ሰየመው። በ1605 ጥቂት ካቶሊኮች ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ሊያጋዩት ሲሉ ተያዙ። ጄምስ ስለ ጠንቋዮች መጽሐፍ የጻፈ፣ የዘር ሐረጉን ባንኮ ከተባለ የጥንት ስኮትላንዳዊ መስፍን የሚቆጥር ንጉሥ ነው። በዚያ ሰሞን ነው እንግዲህ ንጉሥ ገዳይ፣ ጠንቋይና ባንኮ ያሉበት ተውኔት የተጻፈው። ለጌታ ደስ እንዲለው ተብሎ የተጻፈ ነገር ይህን ያህል ሊያስፈራ መቻሉ ይገርመኛል። ከከተማው በለንደን ድልድይ ተሻግሮ የሚመጣ ተመልካች ደግሞ ግሎብ ከመድረሱ በፊት በድልድዩ ደቡብ በር በእንጨት ጫፍ ላይ በተሰኩ የከሃዲ ጭንቅላቶች ሥር አልፎ ነው።

እኔ ማክቤዝን መጀመሪያ የማውቀው በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ነው፤ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ንጉሥ ሊርንም እንዲሁ። ስለዚህ እንግሊዝኛው ሲያመልጠኝ አማርኛው ከውስጥ ይሞላልኝ ነበር።

ማምሻውን ወደ ሳውዝዋርክ ካቴድራል ገባን። የሼክስፒር ታናሽ ወንድም ኤድመንድ እዚህ ተቀብሯል። እሱም ተዋናይ ነበር፤ በ27 ዓመቱ በ1607 የመጨረሻ ቀን፣ ቴምዝ በረዶ በሠራበት ክረምት ተቀበረ። ለቀብሩና ለትልቁ ደወል 20 ሽልንግ ተከፍሏል። ደወሉ የተደወለው ከቀትር በፊት ነው፤ ከቀትር በኋላ ተዋንያን ሥራ ላይ ናቸው። ማን እንደከፈለ መዝገቡ አይልም። ስም የሌለው ተዋናይ ግን ያን ያህል ገንዘብ አይወጣለትምና እኔ ወንድሙ ነው እላለሁ።

ዓርብ፦ ስትራትፎርድ

ከለንደኑ ሜሪልቦን ጣቢያ የተሳፈርንበት ባቡር የሼክስፒር የትውልድ ከተማ ስትራትፎርድ ሲያደርሰን ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቷል። መንገዱ በግ፣ አጥር፣ ሣር፣ ደግሞ በግ ነው።

ሄንሊ ስትሪት ላይ ያለው የትውልድ ቤት በእንጨት ማገር የተዋቀረ፣ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ወለሉ ድንጋይ፣ ጣሪያው ዝቅተኛ። አባትዬው ጆን ሼክስፒር በዚህ መንገድ ላይ መኖሩ የሚታወቅበት የመጀመሪያ ሰነድ የቅጣት ወረቀት ነው፤ በ1552 መንገድ ዳር የፍግ ክምር አድርጎ 12 ፔኒ ተቀጣ። ሥራው ቆዳ ማልፋትና ጓንት መስፋት ነበር። የሥራ ክፍሉ ዛሬ እንደ ጥንቱ ተሰናድቷል፤ አስጎብኚዋ የፍየል ሌጦ አንሥታ ጣቶቹ እንዴት እንደሚቆረጡ አሳየችን። የእህቴ ልጅ ሌጦውን አሽትታ ፊቷን አጨማደደች። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋ ሰው ስንት ዘመን ሲናቅ እንደኖረ ለማውቀው ለእኔ የሚቀጥለው ነገር ደንቆኛል፦ ይህ ጓንት ሰፊ በ1568 የከተማው ሹም ሆኖ ቀይ ካባ ለበሰ።

ሰውየው ጓንት ብቻ አይደለም የሚነግደው። በ1570 ከሕግ በላይ ወለድ አበድሯል ተብሎ ተከሷል፤ በአንዱ ክስ 80 ፓውንድ አበድሮ 20 ፓውንድ ወለድ ጠይቋል ነው የተባለው። ያለ ፈቃድ ሱፍ ነግዷል ተብሎም ተከሷል። ከዚያ አንድ ነገር ሰበረው። ከ1576 ወዲህ ከከተማው ጉባኤ ቀረ፤ በ1592 በዕዳ እንዳይያዝ ፈርቶ ቤተ ክርስቲያን ከማይመጡት ጋር ስሙ ተጻፈ። ዊልያም አባቱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እያየ ያደገ ልጅ ነው። ኋላ መሬት በመሬት ላይ ሲገዛ ይህን አስባለሁ።

ፎቅ ላይ የድሮ መስኮት በማሳያ ሣጥን ተቀምጧል። ከጊዜ በኋላ የመጡ ጎብኝዎች ስማቸውን በአልማዝ ቀለበት መስታወቱ ላይ ጭረውበታል፤ ደራሲው ዋልተር ስኮትም አለበት። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው የጽሑፍ ሳይሆን የቁጫጭ መንገድ ይመስላል።

ከቀትር በኋላ ቸርች ስትሪት። በአንድ ጥግ የማኅበሩ ጸሎት ቤት፣ አጠገቡ የከተማው አዳራሽ፣ ከአዳራሹ በላይ ትምህርት ቤቱ። ዛሬም ተማሪዎች አሉት። ዊልያም እዚህ ለመማሩ ሰነድ የለም፤ የዚያን ዘመን የተማሪ መዝገብ አልተረፈምና። የሹም ልጅ ሆኖ ሌላ የት ሊማር? ትምህርቱ በበጋ ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ላቲን፣ ደግሞ ላቲን። ከሥር ባለው አዳራሽ አባቱ ሹም በነበረበት ዓመት የንግሥቲቱ ተዋንያን መጥተው ተውነው ከከተማው ገንዘብ 9 ሽልንግ ተከፍሏቸዋል። ልጁ ያኔ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ ግን ዝም አልኩ። ከመቅደሱ ቅስት በላይ የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል አለ፤ ሙታን ከመቃብር ይነሣሉ፣ ኃጥአን ወደ እሳት ይነዳሉ። የደበዘዘ ነው። እንግሊዝ ከሮም ስትለይ ሥዕል ጣዖት ነው ተባለ፤ ስትራትፎርድም በ1564 መጀመሪያ «ለሥዕል ማጥፊያ» ብላ 2 ሽልንግ ከፈለች። ሒሳቡን ከያዙት ሁለት የከተማው ገንዘብ ያዦች አንዱ ጆን ሼክስፒር ነው። ሥዕሉ በኖራ ተቀባ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይቶ ያደገ ሰው ያን የኖራ ባልዲ ሲያስብ ሆዱ ይባባል። ሆኖም ኖራው አንድ ውለታ ዋለ፤ ሳይፋቅ ስለተሸፈነ ዛሬ ተገልጦ የምናየው በዚሁ ምክንያት ነው። በርካሽ የተሠራ ሥራ። ጆን ሆን ብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ 2 ሽልንግ ከዚያ በላይ አይሠራም ባይ ነኝ።

ቅዳሜ፦ አሁንም ስትራትፎርድ

በማለዳ በእግራችን ሾተሪ ሄድን፤ ከከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። የሣር ክዳኑ ቤት የአን ሃታዌይ ወላጆች ነው። በ1582 ሲጋቡ እሱ 18፣ እሷ 26 ዓመቷ ነበር፤ ልጃቸው ሱዛና በስድስተኛው ወር ተወለደች። የእህቴ ልጅ በጣቷ ቆጥራ ሳቀች፤ እኔ የአትክልቱን ቦታ አየሁ ተብሎ ይያዝልኝ።

ኒው ፕሌስ የሚባለው የሼክስፒር ቤት ዛሬ የለም። በከተማው ሁለተኛው ትልቅ ቤት፣ አሥር ምድጃ ያለው፣ በ1597 ሲገዛው ሰነዱ 60 ፓውንድ ይላል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቤቱን የገዛው ቄስ ፍራንሲስ ጋስትረል ጎብኝ ሲያስቸግረው መጀመሪያ ሼክስፒር ተክሎታል የሚባለውን የእንጆሪ ዛፍ ቆረጠ፣ በ1759 ደግሞ ቤቱን አፈረሰው። ከተማው ምን ያህል እንደጠላው ለመናገር አያስፈልግም። አሁን ቦታው አትክልት ነው።

ሁለት ወረቀቶች ግን ቤቱን ያቆሙልኛል። የመጀመሪያው በ1598 መጀመሪያ የተደረገ የብቅል ቆጠራ ነው። ተከታታይ ዓመታት አዝመራ ከፍቶ ሕዝቡ በተራበ ጊዜ፣ እህል ብቅል አድርጎ ያከማቸ ማን ነው ተብሎ ሲቆጠር ዊልያም ሼክስፒር 10 ኳርተር ተገኘበት፤ ወደ 2,900 ሊትር የሚጠጋ። ጎረቤቶቹም እንዲሁ ነበሩ፤ የከተማው ኑሮ ብቅል ነው። ያም ሆኖ ስለ ተራቡ ሮማውያን አመፅ ኮሪዮላነስን የጻፈው ሰው ጎተራው ሙሉ እንደነበር ማወቅ ደግ ነው።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ለሼክስፒር ከተጻፉት የተረፈ እሱ ብቻ ነው። ጸሐፊው ሪቻርድ ኩዊኒ ስትራትፎርድ በእሳት ስለተጎዳች ግብር እንዲቀነስላት ሊለምን ለንደን ሄዶ ገንዘብ አጠረው። «ውድ የአገሬ ልጅ» ብሎ ይጀምርና 30 ፓውንድ አበድረኝ ይላል። ደብዳቤው ከኩዊኒ የግል ወረቀቶች መሐል ስለተገኘ የተላከ አይመስልም። የጻፈው ካርተር ሌን ከተባለ የለንደን መንገድ ነበር፤ ደብዳቤው ራሱ ዛሬ እዚሁ ስትራትፎርድ ይኖራል። ያገር ልጅ ሲደላው ማን ዘንድ እንደሚኬድ የታወቀ ነው።

ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ኤቨን ወንዝ ዳር ነው። የጥምቀት መዝገቡ ቅጂ ለጎብኝ ቀርቧል፦ በ1564 ኤፕሪል 26፣ ዊልያም የጆን ልጅ። የእኛው ዐፄ ሠርፀ ድንግል በነገሡ በዓመቱ ገደማ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በቀብር መዝገቡ ዳር በላቲን «ቸነፈር ከዚህ ጀመረ» የሚል ተጽፏል፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሁለት እኅቶቹ በሕፃንነታቸው ሞተዋል፤ ይህ የሦስት ወር ልጅ ተረፈ። ኋላም ቸነፈር አልለቀቀውም። ከ1592 እስከ 1594 የለንደን ቲያትር ቤቶች ከሞላ ጎደል ተዘግተው ሲከርሙ እሱ ረጃጅም ግጥም ጽፎ ለአንድ ወጣት መስፍን አበረከተ። ሥራ ሲዘጋ ሌላ ሥራ።

በ1596 አንድያ ወንድ ልጁ ሐምኔት በ11 ዓመቱ እዚህ ተቀበረ። በምን እንደሞተ አልተጻፈም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቱ ሐምሌትን ጻፈ፤ ከስሙ ተነሥቶ ብዙ ይባላል። እኔ መዝገቡ ፊት ቆሜ ምንም ማለት አልፈለግሁም።

መቃብሩ መቅደሱ አጠገብ ነው። እዚያ የመቀበር መብት ያገኘው በግጥሙ አይደለም። በ1605 የደብሩን የአሥራት ገቢ ድርሻ በ440 ፓውንድ ስለገዛ ነው። ድንጋዩ ላይ አጥንቴን የሚያንቀሳቅስ የተረገመ ይሁን የሚል ተቀርጿል። በ2016 በራዳር ሲታይ መቃብሩ አንድ ሜትር የማይሞላ ሆኖ፣ ከራስጌው በኩል ቀድሞ የተነካካ ምልክት ተገኘበት። የሞተው በ1616 ኤፕሪል 23 ነው፤ በእንግሊዞች የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዕለት። እነሱም እኛም ሰማዕቱን በ23 ነው የምናከብረው፣ እነሱ በኤፕሪል እኛ በሚያዝያ፤ ያኔ ደግሞ እንግሊዝ እንደ እኛው አዲሱን የጎርጎርዮስ ቀመር ገና አልተቀበለችም።

እሑድ

ወደ ለንደን ተመለስን። ባቡሩ ሞልቶ ቆመን ሄድን። ማታ እህቴ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችን፤ ነገ ዕረፍት ነኝና እኔም እመጣለሁ አለች።

ሰኞ፦ ሲልቨር ስትሪትና አልደርማንበሪ

በብላክፍራየርስ ጀመርን። ከ1608 ወዲህ የንጉሡ ሰዎች በሻማ የሚሠራ፣ ጣሪያ ያለው ቲያትር እዚህ ነበራቸው፤ ቦታው ዛሬም «የተውኔት ቤት ግቢ» ይባላል። በ1613 ሼክስፒር በሰፈሩ አንድ የበር ቤት በ140 ፓውንድ ገዛ። ከስድስቱ ፊርማዎች ሁለቱ የዚህ ግዢ ሰነድ ላይ ናቸው። እህቴ ጫማዋ ስለቆረጠማት ቶሎ አለፍን።

ሲልቨር ስትሪት የሚባል መንገድ የለም፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ወሰደው። በ1666 የተቃጠለው የቅዱስ ኦላቭ ደብር አጥር ግቢ ብቻ ትንሽ አትክልት ሆኖ ቀርቷል፤ የራስ ቅል የተቀረጸበት ድንጋይ አለው። አጠገቡ መኪና ያለማቋረጥ ያልፋል። ሼክስፒር በ1604 አካባቢ እዚህ የተከራየው ከክሪስቶፈር ሙንትጆይ ዘንድ ነው። ሙንትጆይ ከፈረንሳይ የመጣ ፕሮቴስታንት ስደተኛ፣ የወይዛዝርት የራስ ጌጥ ሠሪ ነበር። እህቴም ይህችን ከተማ የጀመረችው በስደተኛነት ስለሆነ ጆሮዋ ቆመ።

ሙንትጆይ አንድ ሴት ልጅና እስጢፋኖስ ቤሎት የሚባል ተለማማጅ ነበረው። ባለቤቱ ተለማማጁ ልጃቸውን ቢያገባ ወደደች፤ እሱ ግን አመነታ። ሼክስፒርን ለመነችው፣ እሱም ሽማግሌ ሆኖ ገባ። አግባብቶ አስማማቸው፣ ተጋቡ። አማትዬው ለአማቹ 60 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ ነበር ተባለ፤ አልሰጠም። በ1612 ቤሎት ከሰሰ፤ ሼክስፒር ለምስክርነት ተጠራ። አዎ፣ ሽማግሌ ሆኜ ነበር፤ ገንዘብም ተነሥቷል፤ ስንት እንደሆነ ግን አላስታውስም ብሎ ፈረመ። ፊርማው ቸኩሎ የተጻፈ፣ ስሙን እንኳ በምህጻር ያስቀረበት ነው። ይህን ሰነድ ከወረቀት ክምር ያወጡት በ1909 አሜሪካዊው ቻርልስ ዋላስና ሚስቱ ናቸው።

«ሽማግሌ የገባበትን ብር እንዴት ይረሳል?» አለች እህቴ። «ውሸቱን ነው!»

«ስምንት ዓመት አልፎታል እኮ።»

«ሃምሳም ይለፈው። የኔን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ያሉትን አንተ ረስተሃል?»

ፍርድ ቤቱ ነገሩን ለለንደን የፈረንሳይ ስደተኞች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መራው። እነሱ ለቤሎት 6 ፓውንድ ከ13 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ፈረዱ። ሙንትጆይ አልከፈለም። እህቴ ይህንንም ስትሰማ አልገረማት።

ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ተጉዘን አልደርማንበሪ ደረስን። እዚህ የነበረው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1666 ተቃጥሎ፣ ታንጾ፣ በ1940 በቦምብ ወድሞ፣ ድንጋዩ በ1960ዎቹ አሜሪካ ሚዙሪ ተወስዶ እዚያ ቆሟል። ግቢው አትክልት ሆኗል፤ መሐሉ ላይ የሼክስፒር ምስል ያለበት ሐውልት አለ። ምስሉ የእሱ ይሁን እንጂ ሐውልቱ የቆመው ለጆን ሄሚንግስና ለሄንሪ ኮንደል ነው። ሁለቱም የግሎብ ተዋንያንና ባለ ድርሻ፣ የዚህ ደብር ሰዎች፣ የተቀበሩም እዚሁ።

ሼክስፒር በኑዛዜው ስለ ተውኔቶቹ አንድ ቃል አላለም፤ መጽሐፍ የሚል ነገርም የለበትም። ለሚስቱ ሁለተኛውን ደህና አልጋ፣ ለስትራትፎርድ ድሆች 10 ፓውንድ፣ ለሄሚንግስ፣ ለኮንደልና ለሪቻርድ በርቤጅ ደግሞ የመታሰቢያ ቀለበት መግዣ ለእያንዳንዳቸው 26 ሽልንግ ከ8 ፔኒ። ሁለቱ ቀለበታቸውን ይዘው ዝም አላሉም። በ1623፣ እሱ ከሞተ በሰባተኛው ዓመት፣ 36 ተውኔቶቹን ሰብስበው በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ከእነዚህ 18ቱ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም። ታስሮና ተጠርዞ ዋጋው 1 ፓውንድ ያህል ነበር፤ በ2020 አንዱ ቅጂ ኒው ዮርክ ላይ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ተጫርቷል። ሁለቱ ከሥራው ምን እንዳተረፉ የሚያሳይ ሒሳብ ቢኖር ኖሮ ዛሬውኑ ቁጭ ብዬ አየው ነበር።

«ማክቤዝ ከአሥራ ስምንቱ ውስጥ ነው?» አለች የእህቴ ልጅ።

«ነው።»

ሐውልቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ስለዚህ ፈተና ያመጡብኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።»

«ናቸዋ» አለች እናቷ። «በይ ፎቶ አንሻቸውና እንሂድ፤ ርቦኛል።»